ተጫዋቾቹ ሙዚቃውን ለምን አጠፉት?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን ነው ያለነው። ሦስት ጓደኛሞች ሆነን የኮምፒውተር አድቬንቸር ጌም እየሠራን ነው። ከመንዝ የተነሳ ልጅ የጠፋች በቅሎውን እየፈለገ በጣርማ በር፣ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አድርጎ እስከ አልዩ አምባ ይወርዳል። በየቦታው ሰው ያናግራል፣ ዕቃ ይሰበስባል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል። አንድ ክራር የሚመታ ልጅ አግኝተን ሁለት ደቂቃ ተኩል የሚሆን ትዝታ ቀዳን። ጌሙ ሙሉ የሚሰማው እሱ ነው። ለአምስት ሰው ሰጥተን ስናስሞክር አራቱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሙዚቃውን አጠፉት። ሙዚቃው መጥፎ ሆኖ ነው? ወይስ ለእንዲህ ዓይነት ጌም ሙዚቃ ጭራሽ አያስፈልግም?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ የላክሽልኝን ቅጂ ከፍቼ ሰማሁት። ክራር መቺው ጎበዝ ነው፣ እጁ አይፈራም። ሙዚቃው ምንም አይወጣለትም። ግን ሂሳቡን እንሥራው። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። አንድ እንቆቅልሽ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ የተያዘ ሰው ያንኑ ዜማ አሥር ጊዜ ሰማው ማለት ነው። እኔስ የገረመኝ አምስተኛው ሰው እንዴት እንደቻለው ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ደብረ ሲና ተወልጄ ደብረ ብርሃን የምኖር የድምፅ ሰው ነኝ። ብዙ ዓመት ለሬዲዮ ድራማ ድምፅ ሳቀናብር ቆይቻለሁ። አሁን አሁን ለትንንሽ ጌሞችም እሠራለሁ። ከዚህ በታች ያለው ግማሹ አንብቤ ያወቅኩት፣ ግማሹ ተሳስቼ የተማርኩት ነው።

አድቬንቸር ጌም ላይ ሰዓቱ የተጫዋቹ ነው። ለፊልም ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ትዕይንቱ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ መሆኑን ያውቃል፤ ለክቶ ያስገባል። የመኪና ውድድር ጌም ላይም ቢሆን ዙሩ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ መገመት ይቻላል። የእናንተ ተጫዋች ግን አንኮበር ኮረብታ ሥር ሁለት ሰከንድ ሊቆም ይችላል፣ አርባ ደቂቃም ሊቆም ይችላል። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም። ያስባል።

የእህቴን ልጅ አንድ ጊዜ ከጎኑ ቁጭ ብዬ አየሁት። የተቆለፈ በር ገጥሞታል። መጀመሪያ ያገኘውን ሁሉ ክሊክ አደረገ። ቀጥሎ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። አገጩን ደገፈ። ዓይኑ ወደ ጣሪያው ሄደ። እዚያች ሰዓት ላይ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ከጌሙ የቀረው ሙዚቃው ብቻ ነው። ያ ሙዚቃ ወይ አብሮት ያስባል፣ ወይ ይነዘንዘዋል። ልጁ ትንሽ ታገሠ፣ ከዚያ ድምፁን ዘግቶ ስልኩ ላይ የራሱን ዘፈን ከፈተ። በሩን የከፈተው በሌላ ሰው ዘፈን ታጅቦ ነው።

የእናንተው ቅጂ ላይ 1፡40 ገደማ ሲደርስ አንዷ ክር ዝዝ ትላለች። መጀመሪያ ስሰማት ደስ አለችኝ። እውነተኛ ጣት የመታው መሆኑን ትናገራለች። ሦስተኛው ዙር ላይ ልብ አልኳት። ስድስተኛው ላይ «መጣች፣ አሁን ልትመጣ ነው» እያልኩ መጠበቅ ጀመርኩ። እዚህ ደረጃ የደረሰ ተጫዋች በቅሎዋን ትቶ ያቺን ክር ነው የሚያሳድደው።

«ሙዚቃ ጭራሽ አያስፈልግም ወይ?» ላልሽው፣ እንደሱ ያሰቡ ትልልቅ ሰዎችም ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ አድቬንቸር ጌሞች ጽሑፍ ብቻ ነበሩ፤ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ትንሽዬ ስፒከር በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ «ጢጥ ጢጥ» ማለት ጀመረ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1987 አድሊብ የሚባለው ሳውንድ ካርድ፣ ማለት ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ሙዚቃ የሚያወጣው ሰሌዳ፣ ወጣ። በ1988 ሴራ የተባለው ኩባንያ ኪንግስ ክዌስት 4ን ሲያወጣ ዊልያም ጎልድስታይን የተባለ የፊልምና የቴሌቪዥን ሙዚቃ ደራሲ አሠርቶ ለሳውንድ ካርድ አዘጋጀው። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ የሌለው አድቬንቸር ጌም ማግኘት ከባድ ሆነ።

በ1993 የወጣውን «ሚስት» (Myst) የተባለ አድቬንቸር ጌም የሠሩት ወንድማማቾቹ ሮቢን እና ራንድ ሚለር ግን ሙዚቃ ተጫዋቹን ያዘናጋል ብለው ሊተዉት ነበር ያሰቡት። ሞክረው ሲያዩት ሐሳባቸውን ቀየሩ። ሙዚቃውን ሮቢን ራሱ ሠራው። ስሙትና ልብ በሉት፤ ዘፈን አይባልም። ረዥም፣ ቀጭን፣ ብዙም የማይንቀሳቀስ ድምፅ ነው፤ ክፍሉን ይሞላና ጥጉን ይዞ ይቀመጣል። ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ ውሃና ንፋስ ብቻ ነው የሚሰማው። አርባ ደቂቃ ቁጭ ቢሉበትም አይሰለችም፤ መጀመሪያውም ተመልሶ የሚመጣ ዜማ የለውማ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እናንተ ጌሙ ውስጥ ያስገባችሁት ካሴት ነው። ያስፈለጋችሁ አዝማሪ ነው።

አዝማሪ ቤት ስትገቡ የሚሆነውን አስቡት። መሰንቆው ያቺኑ አጭር ነገር ይመላልሳታል፤ ማንንም አይረብሽም። ሰው ያወራል፣ ይጠጣል። አዝማሪው ግን ዓይኑ በር ላይ ነው። አዲስ ሰው ሲገባ ቀና ይላል፣ መሰንቆው ይጎላል፣ ለገባው ሰው ስንኝ ይወጣለታል። ከጠጪው አንዱ «ተቀበል!» ሲለው ይቀበላል። ሲቀበል ግን ዜማውን መሀሉ ላይ በጥሶ አይደለም፤ ቤት እስኪመታ ጠብቆ ነው የሚገባው። ያዘነ ሰው ፊቱ ከተቀመጠ ዝቅ ያደርግለታል። ቤቱ ሲሟሟቅ እሱም ያሞቀዋል። አንድ መሰንቆ፣ አንድ ዜማ፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጊዜም እንደ ቅድሙ አይጫወትም።

በ1991 ሉካስአርትስ የተባለው የጌም ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ማይክል ላንድ እና ፒተር ማክኮኔል መንኪ አይላንድ 2 ለተባለው ጌም የሠሩት ሲስተም ልክ ይህንን ነው ያደረገው። ስሙ አይሚዩዝ ይባላል። ጌሙ ውስጥ ዉድቲክ የሚባል ከተሰባበሩ መርከቦች የተሠራ መንደር አለ። ገጸ ባሕሪው ከመንገዱ ወደ አንዱ ቤት ሲገባ የመንደሩ ዜማ አይቆረጥም። እየሄደ መሣሪያው ይቀየራል፣ የቤቱን ጠባይ ይይዛል። ሲወጣ ተመልሶ የመንገዱ ይሆናል። ሌላ ቤት ሲገባ ሌላ። ስትጫወቱት መቼ እንደተቀየረ አትይዙትም። ሦስቴ ገብቼ ሦስቴ ወጥቼ፣ ሆን ብዬ ላጠምደው ሞክሬ፣ አምልጦኛል።

ዘዴው እንዲህ ነው። ሙዚቃው የተቀዳ ድምፅ አልነበረም፤ ሚዲ ነው። ሚዲ ማለት የትኛው ኖታ መቼ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደሚመታ የሚናገር ትእዛዝ ነው። ደራሲዎቹ ዜማው ውስጥ ምልክት አስቀመጡ፦ «እዚህ ጋ መዝለል ይቻላል፣ እዚህ ጋ አይቻልም»። ተጫዋቹ በሩን ሲከፍት ሲስተሙ ቀጣዩን ምልክት ይጠብቃል፣ እዚያ ሲደርስ አጭር መሸጋገሪያ አስገብቶ ይሻገራል። አዝማሪው ቤት እስኪመታ የጠበቀውን መጠበቅ፣ ማሽኑም ይጠብቃል።

እናንተ ዛሬ የተቀዳ ክራር ይዛችሁ ይህንን በሌላ መንገድ ታገኙታላችሁ፤ በድርብርብ። አንድ ዜማ ወስዳችሁ በተለያየ መሣሪያ ለየብቻ ትቀዳላችሁ። ክራሩ አንድ ፋይል፣ ዋሽንቱ አንድ፣ ከበሮው አንድ። ሦስቱም እኩል ይጀምራሉ፣ እኩል ይሄዳሉ፤ ጌሙ የአንዱን ድምፅ ከፍ የሌላውን ዝቅ ያደርጋል። ልጁ ብቻውን ሲሄድ ክራር ብቻ። ሰው ሲያናግር ዋሽንት ይጨመራል። ገበያ ሲገባ ከበሮ። ኤፍሞድ እና ዋይዝ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። የምትሠሩት ጎዶት በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ከሆነ ደግሞ ከቁጥር 4.3 ጀምሮ ይህ አብሮት ይመጣል፤ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልጋችሁም።

ሙዚቃ ማጀብ ብቻ አይደለም ሥራው። ቁልፍ ሊሆንም ይችላል። በ1990 የወጣው የብራያን ሞሪያርቲ ጌም፣ ሎም፣ ለእናንተ ይቀርባል ብዬ አስባለሁ፤ ጀግናው ከሸማኔዎች ማኅበር የወጣ ልጅ ነው። መንዝ ላይ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና ሲሠራ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ልጁ ዕቃ አይሰበስብም። ያለችው አንዲት የፈታይ በትር ናት፤ እሷ ላይ አራት አራት ኖታ ይመታል። አንዱ ዜማ ይከፍታል። ያንኑ ከኋላ ወደ ፊት ብትመታው ይዘጋል። በከባዱ ደረጃ ኖታዎቹ ስክሪኑ ላይ አይታዩም፤ በጆሮህ ብቻ ለይተህ ነው የምትመታው። እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ ካስገባችሁ ግን በዓይን የሚታይ ፍንጭም ጨምሩ። መስማት የተሳነው ሰው አለ። ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚጫወትም አለ።

ሌላው አቅጣጫ መጠቆም ነው። በ2019 የወጣው አውተር ዋይልድስ የተባለ ጌም ውስጥ ተጓዦች በየፕላኔቱ ተበታትነው ተቀምጠዋል። አንዱ ባንጆ ይመታል፣ ሌላው ሃርሞኒካ ይነፋል። ድምፅ መቀበያ መሣሪያህን ወደ ሰማይ ስታዞር አንዱ ይጎላል፣ ሌላው ይጠፋል፤ በድምፁ ተመርተህ ትሄዳለህ። ሁሉም የሚጫወቱት የአንዱን ዜማ ክፍል ነው።

አሁን ወደ በቅሎዋ እንመለስ። በቅሎ ጠፋች ካላችሁ አንገቷ ላይ ቃጭል አለ። ይሄ የጌማችሁ ትልቁ ሀብት ነው፣ እናንተ ግን በትዝታ ሸፍናችሁታል። ተጫዋቹ ትክክለኛውን መንገድ ሲይዝ ቃጭሉ ከሩቅ ይሰማ። በግራ ከሆነች በግራ ጆሮ። ሲሳሳት ይጥፋ። ካርታም፣ ቀስትም፣ «ወደዚህ ሂድ» የሚል ጽሑፍም አያስፈልጋችሁም። ታዲያ ቃጭሉ እንዲሰማ ሙዚቃው ዝም ማለት አለበት። መጀመሪያ የምትወስኑት ሙዚቃው የት ዝም እንደሚል ይሁን።

መንዝ ጓሳ ላይ እኔ ብሆን ምንም ሙዚቃ አላስገባም። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ያለ ሣር፣ ንፋስ፣ የጭላዳ ድምፅ። ጭላዳ ሲያጉረመርም ቀርባችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው። ማሲንቆም ክራርም አይተካውም። ጣርማ በር ላይ ጉም አስገቡ፣ ድምፅ ሁሉ ይታፈን። የመኪናው መንገድ በሚያልፍበት ዋሻ ውስጥ ልታሳልፉት ካሰባችሁ ማስተጋቢያ ትጨምራላችሁ። ግን ዋሻው የጣሊያን ጊዜ ሥራ ነው። ታሪኩ ከዚያ በፊት ከሆነ ልጁ በገደሉ አፋፍ ነው የሚወርደው፤ እዚያ ላይ ማስተጋቢያ ካስገባችሁ እኔ እስቅባችኋለሁ።

ትዝታውን አትጣሉት፤ ሁለት አድርጉት። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ማይነሩ ላይ ሚ እና ላ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ ሌሎቹ ሦስቱ ባሉበት ናቸው። ክራር መቺው እነዚያን ክሮች ብቻ ዝቅ አድርጎ ያንኑ ዜማ፣ በዚያው ፍጥነት ደግሞ ይምታ። ፍጥነቱ እንዳይዛነፍ ጆሮው ላይ በኤርፎን የሚቆጥር ምት ክፈቱለት። ከዚያ ልጁ ቀን ሲሄድ ሜጀሩ፣ ሲመሽበት ወይም መጥፎ ወሬ ሲሰማ ማይነሩ። ሥር ላይ ዶ እና ሶልን ብቻ የያዘ ረዥም ድምፅ ብታስቀምጡ ለሁለቱም ይሆናል፣ መሸጋገሪያው አይሰማም። አምባሰል የሚባለው ቅኝትም ይቀበለዋል። አንቺሆዬ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ እሱ ላይ ሶል ራሱ ዝቅ ስለሚል ከሥሩ ጋር ይጋጫል። ሆን ብላችሁ ካልፈለጋችሁት ማለቴ ነው። እኔ ለጅብ ትዕይንት ፈልጌው አውቃለሁ።

«ትዝታ ለሐዘን፣ ባቲ ለደስታ» የሚለውን ክፍፍል ግን ተዉት። ለፈረንጅ ሲያስረዱ የሚባል ነገር ነው። ሰርግ ላይ ትዝታ የሚያስጨፍር አዝማሪ ሞልቷል።

በገናን በተመለከተ የግሌን ልንገራችሁ። ዕቃ ሆኖ «በገናውን ተጠቀም» የሚል እንቆቅልሽ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። የጾምና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ሰው በዐቢይ ጾም የሚሰማውን ድምፅ ለጌም ብትጠቀሙበት ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። አልዩ አምባ ስትደርሱም መንዙማን እንደ ገበያ ጩኸት ከኋላ አትክተቱት። ማስገባት ካስፈለገ የቦታውን ሰው ጠይቃችሁ፣ በቦታው፣ በሰዓቱ።

ስለ ቀረጻው። ደብረ ብርሃን ብርዱ ከሙዚቀኛ ጋር አይስማማም። እኔ አንድ ጊዜ የዋሽንት ሁለት ክፍል ቀዳሁ፤ አንዱን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛውን ከምሳ በኋላ። ማታ ሳገጣጥማቸው ጥርስ የሚያፋጭ ነገር ሆነ። ነፊውን ጠርቼ ልወቅሰው ነበር። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀዝቃዛ ዋሽንት ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ እየሞቀ ሲሄድ ከፍ ይላል። አሁን አሥር ደቂቃ ሳያሟሙቅ አልቀዳም። ክራሩም ከውጭ ከገባ በኋላ ክፍሉን ይልመድ፤ ቅኝቱ የሚረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ስቱዲዮ ለመከራየት አትጨነቁ። የብርድ ልብስ ከተማ ላይ ነው ያላችሁት፤ ግድግዳው ላይ አራት አምስት ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። የክፍሉ ጩኸት ይሞታል።

ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን ብዙ ሰው ያቃጠለች። የላክሽልኝ ፋይል ኤምፒስሪ ነው። ኤምፒስሪ ሲዘጋጅ ጫፉ ላይ ትንሽ ዝምታ ይጨምራል። ለማዳመጥ ችግር የለውም። ዞሮ ሲጀምር ግን «ህቅ» ያደርጋል። ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅም ይሰማዋል፤ ጌሙ የተሰበረ ይመስለዋል። ለሚደጋገም ነገር ኦግ ወይም ዌቭ ተጠቀሙ። የመጨረሻው ክር ድምፅ ደግሞ እስኪሞት አትቁረጡት፤ ጭራው በአዲሱ መጀመሪያ ላይ ተደርቦ ይለቅ። ሲያልቅም ወዲያው አታስጀምሩት። አንዴ አርባ ሰከንድ፣ አንዴ ሁለት ደቂቃ ዝም ይበል፤ ርዝመቱ ሁልጊዜ ይለያይ።

ድምፁን የምታመዛዝኑት በጥሩ ሄድፎን ከሆነ በተራ ላፕቶፕ ስፒከርም ሞክሩት። ከበሮው ይጠፋል፤ ያ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም። ስለዚህ ለከበሮው የመዳፍ ምቱን፣ ቀጭኑን «ታ» የሚለውን፣ አጉሉለት። የሙዚቃና የሌላው ድምፅ ማስተካከያም ለየብቻ ይሁን። ሰው ሙዚቃውን ቢያጠፋ እንኳ ቃጭሉ ይቅርለት።

የመጨረሻ ሐሳቤ ስለ አንኮበር ነው፤ እናንተ ባትጠይቁኝም ልናገረው። እምቢልታ አይታችሁ ከሆነ ጣት የሚደፈንበት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ ብቻውን አንድ ሁለት ድምፅ ነው የሚያወጣው። ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው ዜማ የሚሆነው። ድሮ ከነጋሪትና ከመለከት ጋር ንጉሥን የሚያጅብ መሣሪያ ነበር፤ አንኮበር ደግሞ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ታዲያ መንዝ ላይ አንዱን እምቢልታ ብቻ አሰሙ። ምንም ትርጉም የሌለው፣ የተቆራረጠ «ሁ… ሁ» ይመስላል፤ ተጫዋቹ ንፋስ ነው ብሎ ያልፈዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለተኛውን። ልጁ አንኮበር ኮረብታ ላይ ሲወጣ ሦስቱም አንድ ላይ ይግቡ። ማንም ምንም ሳይነግረው፣ መንገዱን ሙሉ ሲሰማው የነበረው ምን እንደነበረ እዚያ ይገባዋል።

1፡40 ላይ ያለችውን ዝዝታ ግን አታጥፏት። ከዋናው ዙር ቁረጡና ለብቻዋ አስቀምጧት። ልጁ በቅሎዋን ይዞ ቤቱ ሲደርስ፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ክራር ሲመታ፣ አንዴ ትሰማ።